የመጨረሻውን ሰው ማን ያመጣል?

ወረቀቱን ያገኘሁት ከሳይክሌ ኮርቻ ሥር ነው። ከከመነዳሪ ካርቶን የተቀደደ፣ በአራት የታጠፈ፣ በቀጭን ሽቦ የታሰረ። በድሉ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጽፍልኝ። ስልክ አለው፤ ቁጥሬንም በቃሉ ይዞታል። ግን ሳይክሌን ጠግኖ በመለሰልኝ ቁጥር ኮርቻው ሥር አንድ ነገር ሸጉጦ ይልካል። «ካቴናውን ዘይት አጠጥቼዋለሁ፤ አንቺም ውሃ መጠጣት እንዳትረሺ።» «ፍሬንሽ ቶሎ የሚያልቀው ቁልቁለት ስለምትፈሪ ነው። እኔን ግን አትፍሪኝ።» ሁሉንም በብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ሃያኛው እንዲህ ይላል፦

«ቅዳሜ የወንጪን አቀበት እንወጣለን። እኔ ተመልሼ አልወርድም። ራስሽ ውጪው።»

ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ የግቢያችንን በር ተደግፌ ቆምኩ።

ለሌላ ሰው ተራ መልእክት ነው። ለእኛ ግን አይደለም። አምቦ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለደስታችን ብለን ሳይክል የምንነዳ አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ በድሉ፣ ነርሷ ፋንቱ እና ባንክ ቤት የሚሠራው ሮብሳን። ያለን ሕግ አንድ ብቻ ነው። አቀበት አናት ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው እዚያ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ዞሮ ይወርድና መጨረሻ የቀረውን አጅቦ ዳግመኛ ይወጣል። ሕጉን ያመጣው በድሉ ነው። ሟቹ አባቱ ጋሪ ነጂ ነበሩ። በእነሱ ጊዜ ከባድ የጫነ ጋሪ አቀበት ላይ ሲቀር፣ ቀድሞ የወጣው ነጂ የራሱን ፈረስ ፈትቶ ይመለሳል፤ ሁለቱን ፈረሶች አጣምደው የቀረውን ያወጡታል። ገና ከከተማ ሳይወጡ «የመጨረሻውን ሰው ማን ያመጣል?» ብለው ይጠያየቁ ነበር አሉ።

የመጨረሻዋ ሰው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሁልጊዜም የሚያመጣኝ እሱ ነው። ታዲያ አልወርድም ካለ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?

ከሃንጋሪ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደብረትሰን በምትባል፣ ጉብታ እንኳ በሌላት ከተማ ስለ አፈር ተማርኩ፤ አሁን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ስመለስ ሳይክሌን ፈትቼ በካርቶን ይዤ መጣሁ። እናቴ አዴ ቢፍቱ ካርቶኑን ስታይ ቴሌቪዥን መስሏት እልል አለች፤ ጎማው ሲወጣ እልልታዋን መሀል ላይ ዋጠችው።

እዚያ ሳለሁ የምነዳው ለቁጥር ነበር። መሪው ላይ የታሰረው ስልኬ ስንት ኪሎ ሜትር፣ በስንት ደቂቃ፣ ከትናንት ተሻልኩ ወይስ ባስኩ ይነግረኛል። ስሻል እንጂ ስነዳ ተደስቼ አላውቅም። አምቦ ግን አቀበት አላት፤ ቁጥሬ በየሳምንቱ ይወርድ ጀመር። እኔም በየሳምንቱ ምን ልሠራ ነው የተመለስኩት እያልኩ እብሰለሰል ነበር። በሰባተኛው ወር ሳይክሉን ልሸጠው ብዬ ሁሉቃ ድልድይ አጠገብ ወዳለች የቆርቆሮ ጋራዥ ወሰድኩት።

«ምን ሆኖ ነው የሚሸጠው?» አለኝ ጠጋኙ፣ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ። በድሉን ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ምንም አልሆነም። አያስደስተኝም።»

ስልኩን አየ። እኔን አየ። ከወለሉ የተቀደደ ከመነዳሪ አንስቶ በመቀስ ቆረጠና የስልኩን ፊት ሸፈነው። «እስከ ጉደር ድረስ እንዳትገልጪው። ስትመለሺ ካልፈለግሽው እኔ እገዛዋለሁ።»

የዚያን ቀን ወደ ጉደር የሚወስደውን ቁልቁለት በምን ፍጥነት እንደወረድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው አፌን ከፍቼ እንደሳቅኩ፣ ጥርሴም አቧራ እንደቃመ ነው። ሳይክሉ አልተሸጠም።

ጥር ሲገባ በድሉ ሽማግሌ ላከ። የአባቱ የጋሪ ጓደኛ ኦቦ ገለታ ሁለት ሰዎች አስከትለው ማለዳ ቤታችን መጡ። አባቴ ኦቦ ሆርዶፋ ጡረታ የወጣ ጤና ረዳት ነው፤ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነው። በድሉ ኦርቶዶክስ ነው፤ ትምህርቱንም ከዐሥረኛ ክፍል ነው ያቆመው። አባዬ እንግዶቹን አክብሮ አስቀመጠ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ «እንጸልይበት» ብሎ እስከ በር ሸኛቸው።

ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። አምስት ሳምንት አለፈ። በድሉም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። በዚህ መሀል ከደብረትሰን ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ዶክትሬት፣ አራት ዓመት፣ መልስሽን እስከ ሰኞ አሳውቂን የሚል። ከፋንቱ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለበድሉ መንገር ልሂድ ብሎ መጠየቅ መሰለኝ። እሱ ደግሞ ሂጂ ቢለኝስ?

*

አርብ ከሰዓት አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ የጎረቤታችንን ደም ግፊት ይለካ ነበር። ሴትዮዋን ጨው ቀንሺ ብሎ ሸኝቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳይክሌን ገልብጬ ካቴናውን እጠርግ ነበር፤ እጄ ሥራ እንዲይዝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ እስከ የት ናችሁ?»

«ወንጪ አናት።»

«ያ ልጅም አለ?»

«አለ።»

የመለኪያውን ጨርቅ ቀስ ብሎ ጠቀለለ። «ሽማግሌዎቹ ቀሩ» አለ። «ሰው ከልቡ የፈለገውን በር አንዴ አንኳኩቶ አይሄድም፣ መቲ።»

«አንተስ ምን መልስ ሰጠሃቸው?»

«እንጸልይበት አልኩ። እየጸለይኩም ነው። እሮብ እሮብ እየጾምኩ ነው። እነሱ ናቸው የጠፉት።»

ልመልስለት ፈልጌ ነበር። በድሉ እንደዚያ አይደለም፣ አንድ ነገር ቢገጥመው ነው ልለው። ግን ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጥቁር እጄን ጨርቅ ላይ ስጠርግ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አባቴ እንዲሳሳት ተመኝቼ አላውቅም።

*

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ተገናኘን። በድሉ እንደ ልማዱ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ። ዓይኔን ግን አላየም።

«መምህርት!» አለ ሮብሳን። «ዛሬ የተግባር ፈተና ነው። ኩረጃ የለም።»

«አንተ ራስህ በኩረጃ አይደል ባንክ የገባኸው» አለችው ፋንቱ።

ሁሉም ሳቁ፤ በድሉ ብቻ ፔዳሉን ረግጦ ወጣ። ከከተማ ስንወጣ ሃምሳ ሜትር ቀድሞን ነበር። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ስንይዝ ጃኬቱ ብቻ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ጃኬቱም ጠፋ።

የመንገዱ ሲሶ ላይ ፋንቱ ወረደች። ከሰዓት ተረኛ ስለነበረች እሷና ሮብሳን ከዚያ መመለሳቸው ነው። ሳይክሏን ይዛ ወደ እኔ ተጠጋች።

«መቲዬ፣ ይቅር በይኝ። ስለ ደብረትሰኑ ደብዳቤ በድሉ ያውቃል። የነገርሽው መስሎኝ አነሳሁበት።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

ወረቀቱን ያገኘሁት እሮብ ነው። ፔዳሌን ረገጥኩ።

ብቻዬን ወጣሁ። በየጠመዝማዛው ቀና ብዬ አያለሁ፤ እንደ ወትሮው እየሳቀ፣ እግሩን ከፔዳል አንስቶ፣ ንፋስ ሸሚዙን እየነፋው የሚወርድ ሰው የለም። ንዴት ያዘኝ። ከመነዳሪውን ከስልኬ ላይ ገፈፍኩት። በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር! ሕፃን በእግሩ ይቀድመኛል። ልመለስ አልኩ። ቁልቁለት ነው፤ ፔዳል መርገጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ቤት ገብቼ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ በነሐሴ እበራለሁ፣ አለቀ።

አልተመለስኩም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ከመነዳሪውን መልሼ ሸፈንኩት።

እየወጣሁ ስሄድ አየሩ በረደ። የታጨደው ማሳ አልቆ እንሰት መጣ፤ ሰፋፊ ቅጠሎቹ አጥር ላይ ይንኳኩ ነበር። ማርሹን ዝቅ አድርጌ ትንፋሼን ከእግሬ ጋር ሳስተካክል የሆነ ነገር ለቀቀኝ። ማንም አልጎተተኝም። ማንም አልጠበቀኝም። እግሮቼ ይዞራሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ፤ በቃ። እንባዬ እየወረደ ፈገግ እል ነበር፤ ያየኝ ሰው ቢኖር ምን ይል ይሆን?

ለካ ነበረ። በፈረስ የተቀመጡ አዛውንት ከኋላዬ ደርሰው ጎን ለጎን ይሄዱ ጀመር።

«ጀባዱ! በርቺ!» አሉኝ። «ከፈረሴ በላይ ታነፍሻለሽ እኮ።»

«እሱ... ገብስ... ይበላል» አልኳቸው በተቆራረጠ ትንፋሽ።

ሳቁ። «ቅድም አንድ ልጅ በዚሁ ነገር ሲያልፈኝ አየሁ። አሁን አናቱ ላይ ቆሞ ቁልቁል እያፈጠጠ ነው መሰለኝ፤ በየመታጠፊያው እየቆመ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ላም የጠፋችበት ነው የሚመስለው።»

ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ወጣ።

*

ላሟ እኔ ነበርኩ። በድሉ ለወንጪ ሐይቅ ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን እያየ ቆሟል። ሳየው ፊቱ ሊበራ ሲል አፈነው።

«ደረስሽ» አለ።

«ጠብቄህ ነበር።»

«አልወርድም ብዬ ጽፌልሻለሁ።»

«ለምን?» ሳይክሌን መንገድ ዳር ጣልኩት። «በሽማግሌ ጠይቀኸኝ አምስት ሳምንት ዝም አልክ። አሁን ደግሞ በካርቶን ታሰናብተኛለህ?»

«እኔ ነኝ ያሰናበትኩሽ? ልትሄጂ አይደል እንዴ? ዛሬ ወርጄ ባወጣሽ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጎትቶ ያስቀረኝ እሱ ነው ትያለሽ። በአፍሽ ባትይው በዓይንሽ ትይዋለሽ። እሱን አልችለውም፣ መቲ።» ድምፁ ተሰበረ። «ካላስፈለግኩሽ ፊት ለፊት ልትነግሪኝ ይገባ ነበር። አባትሽን እንጸልይበት በላቸው ከምትይ።»

«እኔ ነኝ እንዲህ በል ያልኩት?»

«ቀጠሮ አልሰጡም እኮ! ሽማግሌ ያለ ቀጠሮ ከተሸኘ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ኦቦ ገለታ ከግቢያችሁ ሲወጡ ኮታቸውን አራግፈው ነው የወጡት። በጨዋ ደንብ እምቢ ተባልን አሉኝ። እኔም ካንቺ አፍ ድጋሚ እምቢታ መስማት ፈራሁና ዝም አልኩ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅም ለቅሶም አብረው ታገሉኝ።

«በድሉ፣ አባዬ እንጸልይበት ካለ መጸለዩ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። እሮብ እሮብ ስለ አንተ ይጾማል። ሽማግሌዎቹ ለምን ቀሩ እያለ አምስት ሳምንት በር በሩን ያያል። ትናንት እንኳ አዝኖ ነበር።»

በግራሶ የጠቆረ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያሸው ነበር።

«ስለ እኔ ይጾማሉ?» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስለ አንተ።»

ፊቱን አዞረ። ስላለቀሰ እንደሆነ አወቅኩ። እንደገና ሲዞር ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «ሰኞ ሁዳዴ ይገባል» አለኝ። «ኦቦ ገለታ በጾም ሽማግሌ አይሄዱም። እሺ ቢሉ እንኳ ከፋሲካ በኋላ ይሉኛል። ተቀይመዋል ደግሞ።»

«የእኔ መልስ ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሂጂም ቅሪም አልልሽም። ግን...» አልጨረሰውም። ከታች ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ያልተጨረሰው ቃል በመካከላችን ከሐይቁ ይልቅ ጥልቅ ነበር።

*

ከወንጪ ስንወርድ ቀደምኩት። ከተማ ስደርስ ወደ ቤት አልታጠፍኩም፤ በቀጥታ ኦቦ ገለታ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ የጋሪ ጎማ ላይ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ይቺ በጎማ የመጣች ማን ናት?»

«የሆርዶፋ ልጅ ነኝ፣ ኦቦ። መቲ።»

«ሙሽራዋ!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ ከበር ብቅ ብለው። «ጉድ ነው! ፊቷ በርበሬ መስሏል። ግቢ፣ ውሃ ጠጪ።»

የጠጣሁት ውሃ መልሶ እስኪያልበኝ ድረስ ተጨንቄ ተናገርኩ። አባቴ እየጠበቃቸው እንደሆነ፣ ነገ ቢመለሱ እንደሚከፈትላቸው። ኦቦ ገለታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሙሽራ ራሷ ሽማግሌ ስትለምን በዕድሜዬ አላየሁም። ልጄ፣ እኔ ያላንኳኳሁት ቤት የለም። እምቢ የሚለውም ሰው ተመካክረን በዚህ ቀን እንንገራችሁ ይላል። አባትሽ ቀን አልቆረጠም።»

«እኛ ቤት ለጸሎት ቀን አይቆረጥለትም፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ማለቁን በምን እንወቅ? መልአክ ይላክልን?»

እትዬ ሽታዬ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እኔ የተደገፉትን የጋሪ ጎማ አየሁ።

«ኦቦ ገለታ፣ አቀበት ላይ ጋሪ ሲቀር ምን ታደርጉ ነበር?»

«ማን ነገረሽ እሱን?»

«በድሉ። ከአባቱ ነው የሰማው። አባዬ ይሄን ነገር አምስት ሳምንት ብቻውን ሲጎትት ነው የከረመው። አቀበቱ መሀል ቀርቷል። የመጨረሻውን ሰው ማን ያመጣል፣ ኦቦ?»

የሽማግሌው እጅ የጎማውን እንጨት ይዳስስ ነበር። የጓደኛቸውን ስም በሹክሹክታ የጠሩ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኮትህን ላምጣው?» አሉ እትዬ ሽታዬ።

«ነገ ነው እንጂ ዛሬ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብለው ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን እንደ ምርቃት ጣፈጠኝ።

*

እሑድ ከሰዓት እኔና እናቴ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተለጥፈን ነበር። በሩ ሲንኳኳ አባዬ ራሱ ሄዶ ከፈተ።

«አምስት ሳምንት!» አላቸው። «ምነው ጠፋችሁ?»

«ቀን ሳትሰጠን!» አሉ ኦቦ ገለታ።

«ቀን?» አባዬ ሦስቱንም በየተራ አያቸው። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ዋቃ ኮ! አምላኬ! እኔ እኮ እናንተ ናችሁ የተዋችሁኝ ብዬ...» መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ገለታ ናቸው። ከዚያ ሁሉም።

ሲቀመጡ ሳቁ አለቀ። የአባዬ ድምፅ ወደ መስኮቱ ዘለቀ። «አልዋሻችሁም። ልጄ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ጋር መሄዷ ከብዶኛል። ጸልዬም አልቀለለኝም። ግን በአምስት ሳምንት ውስጥ እምቢ በል የሚል ድምፅም አልሰማሁም።» እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘች። «ነገ ጾማችሁ ይገባል። በጾም መጥታችሁ ከቤቴ ውሃ ብቻ ቀምሳችሁ እንድትወጡ አልፈልግም። ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው እሑድ ኑ። ልጁንም ይዛችሁት ኑ። በግ አርዳለሁ።»

«በጉን ካነሳ ግማሹ አልቋል» አለች እናቴ በጆሮዬ። እኔ ግን በጉን አልሰማሁም። የሰማሁት ቀኑን ብቻ ነው። ሰው በቀጠሮ እንዲህ ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

*

ሰኞ ለደብረትሰን ጻፍኩ። አንድ ዓመት እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው። ሐሙስ መለሱ፤ አይቻልም፣ ቦታውን ለሌላ ሰጥተናል። ቢሮዬን ቆልፌ አለቀስኩ። የጸጸት ይሁን የመገላገል፣ ዛሬም አልለየሁትም።

ቅዳሜ ከጉደር ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በድሉ ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ሰንብቶ ጉልበቱ ዝሏል። አቀበቱ አናት ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ ደረስኩ። ሮብሳን ተከትሎኝ መጣና ሳሩ ላይ ተዘረረ።

«መምህርት፣ ቁጭ በይ እንጂ! ድልሽን አጣጥሚው።»

ወደ ኋላ አየሁ። ከታች፣ ሙቀቱ በሚያንቀጠቅጠው አስፋልት ላይ፣ በድሉ አንገቱን ደፍቶ ይገፋል። ፋንቱ እንኳ አልፋዋለች። ያንን ጾም እኔ አልጾመውም። ምናልባት መቼም አልጾመው ይሆናል። ወደፊት በየትኛው ደጅ እንደምንቆም አላውቅም። ሄጄ ቢሆንስ የሚለው ጥያቄም አልተወኝም፤ እንደ ጥላዬ ከጎማዬ ሥር ይከተለኛል።

መሪውን አዞርኩ።

ስወርድ ከሩቅ አየኝና ቀና አለ። «አትውረጂ!» ብሎ ጮኸ። «መልሰሽ ልትወጪው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ!» አልኩና ፍሬኔን ለቀቅኩት።